እኔንም የምትከለክለኝ ሊኔት

በየመሥሪያ ቤቱ በሩን ለሌባ ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም የምትዘጋ አንዲት ሴት አለች። የእኛዋ ክብርት ሊኔት ዱጋን ይባላሉ። እኛ እዚህ ሂዮን ሸለቆ ቼሪ አቀዝቅዘን የምንልክ የገበሬዎች ማኅበር ነን። እኔ የኮምፒውተሮቹ ንጉሥ ነበርኩ። ነበርኩ ነው ያልኩት።

ክብርትነታቸው ከመምጣታቸው በፊት ማሽኖቹን ሁሉ የሚያስተዳድር፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት ፕሮግራም ነበረኝ። የሚታደሰውን ያድሳል፣ የቆመውን ያስነሳል፤ የማይገባበት ጓዳ አልነበረም። እሳቸው መጡና ለእያንዳንዱ ፋይልና ፕሮግራም መለያ ለጠፉ። ማን ምን መንካት እንደሚችል ደንብ ጻፉ፤ በደንቡ ያልተፈቀደ ሁሉ ክልክል ነው። ያ ጌታ ፕሮግራሜ እንዲያድስና እንዲያስነሳ ብቻ ተፈቀደለት። የማቀዝቀዣ ክፍሎቹን ቅዝቃዜ የሚወስነውን ፋይል ግን በዓይኑም እንዳያይ ተከለከለ።

«ሊኔት፣ እኔ እኮ የሁሉም የበላይ ነኝ!» አልኩ።

«ማን እንደሆንክ መቼ ጠየቅኩህ፣ ኮል? ምን ልታደርግ ነው?»

ይህን የማይሉት ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ ደንስታን የብስኩት ቁምሳጥን ሲከፍት እንኳ ይሉታል። እሱም ይስቃል! እኔ ብለው ኖሮ ግንባሩን ይቋጥርብኝ ነበር።

አንድ ቀን የዋጋ ዝርዝሩን ከራሴ ማኅደር አንስቼ ወደ ድረ ገጹ አዛወርኩት። ደንበኞች የሚያዩት ባዶ ገጽ ሆነ። ግማሽ ቀን ከማሽኑ ጋር ስጣላ ዋልኩ።

«ብትገለብጠው ኖሮ የአዲሱን ቤት መለያ ያገኝ ነበር» አሉኝ ብስኩታቸውን እየቆረጠሙ። «ስላዛወርከው የድሮውን ይዞ ሄደ። ድረ ገጹ እኮ አሁንም የአንተ የግል ፋይል ነው ብሎ ነው የማይነካው።»

በምሳ ሰዓት ፋይል ይሁን ፋንድያ የማይለዩት የፎርክሊፍት ሾፌሮች ሳይቀሩ «ኮልዬ፣ ዛሬስ መለያህን ቀየርክ?» ይሉኝ ጀመር። ለእሳቸው ግን ከየጓሯቸው አፕሪኮት ይለቅሙላቸዋል። ለእኔ አንድም ሰው አፕሪኮት አምጥቶልኝ አያውቅም። ቅናት አንጀቴን አሳረረው።

ቼሪው ተለቅሞ ክፍሎቹ ጢም ባሉበት ሰሞን ፕሮግራሜን አሻሻልኩት። አንድ መስመር ተሳስቻለሁ። የራሱን አሮጌ ፋይሎች እንዲጠርግ የላክሁት የሰውን ሁሉ ይጠርግ ጀመር። የፈረቃው ሰሌዳ ጠፋ፤ ማተሚያዎቹ ሞቱ። የማቀዝቀዣዎቹ ደጃፍ ሲደርስ «ተከልክሏል» ተባለ። ደጋግሞ ሞከረ፤ ደጋግሞ ተከለከለ። የገበሬው የዓመት ልፋት እንደቀዘቀዘ አደረ።

ደንስታን ሊኔትን ቢራ ጋበዘ። የእኔን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ከሜልበርን አንድ ሰውዬ ደወለ። ሊኔትን ሊቀጥር አስቦ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ጠየቀኝ። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ስልክ! የሆዴን ዘረገፍኩለት።

«ግትር ናት። አለቃ ብሎ ነገር አታውቅም። የራሷ እናት የጻፈችውን ፕሮግራም እንኳ አታምንም።»

«እንዲህ ዓይነቷን ነው የምንፈልገው!» አለ ሰውዬው። «መቼ ትጀምርልናለች?»

አንቱታውም ፌዙም እዚያው ቀረ። ልትሄድብኝ ነው።

«አትመጣም» አልኩት።

«ለምን?»

«የእኛ ናታ!» ብዬ ዘጋሁበት።

ሊኔት ያኔ ገብታ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛዋ ተቀመጠች። «ማን ነው?»

«የተሳሳተ ቁጥር።»

«የሜልበርኑ ነው አይደል? ትናንት እኔ ጋም ደውሎ አልመጣም ብዬዋለሁ፤ አልሰማ አለ እንጂ። አንተ ምን ያልብሃል?»

ደስታዬን እንዳታይብኝ ወደ ስክሪኔ ዞርኩ። አልቅስ አልቅስ እያለኝ ነበር። ቆየት ብሎ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ያ ሰውዬ ያን ያህል ሲያወራኝ «አንተስ ሥራ ትፈልጋለህ?» አላለኝም።