የሙሴ ጉግሳ አራተኛ ቅጽ

መብራት የሌለው ሰፈር አለ፤ ውሃ የማይደርሰው ሰፈርም አለ፤ መጽሐፉን ያነበበ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ይህ ሰው ፊልም ሲታይ ከኋላዎ ይቀመጣል፤ ተረት ሲወራ ከጎንዎ አይጠፋም። ልብዎ ተንጠልጥሎ "አሁን ምን ይመጣ ይሆን?" በሚሉበት ሰዓት ጉሮሮውን ይጠርግና "መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም" ይላል።

ለእኛ ለድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሰዎች ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙልን ክቡር ጓድ ሙሴ ጉግሳ ነበሩ። "ሙሴ" ያላቸው ባቡሩ ነው፤ በምድር ባቡር ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሁሉ ሙሴ ይባል ነበር። "ጓድ" ያላቸው ደርግ ነው። "ክቡር"ን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሥራቸው ጅቡቲ በሚመላለሰው ባቡር ላይ ትኬት መቆጣጠር ሲሆን፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ ጉሮሯቸው ድረስ የሚቆልፉ ብቸኛው የድሬ ሰው ነበሩ። ድሬ "እርስዎ" የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም "አንተ" ነው። አሁን በጽሑፍ አንቱ የምላቸው በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ብያቸው ስለማላውቅ ነው።

ሲኒማ ቤት አብሯቸው የገባ ሰው አንድ ፊልም ከፍሎ ሁለት ያያል፤ አንዱን በዓይኑ፣ ሌላውን ከጀርባው በጆሮው። አንድ ጊዜ ጡንቻው የተቆለለ ግሪካዊ ጀግና አንበሳ አንቆ ሊገድል ሲል አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ።

"መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም" አሉ ሙሴ። "መጀመሪያ የገደለው እባብ ነው። ያኔ ገና ጡት አልጣለም።"

"አቦ ዝም በል!" አለ አንዱ ከፊት ወንበር። "ጡት ሲጠባ ትኬቱን የቆረጥክለት አንተ ነህ?"

የህንድ ፊልም ሲሆንም አይተኙም። "ይሄ እንኳ መጽሐፍ የለውም፤ ተወን" ስንላቸው፣ "አለው፤ ድሬ አልደረሰም እንጂ" ይላሉ። ይባስ ብለው በቀበሌው የውይይት ክበብ ካድሬው ከአንድ ቀይ መጽሐፍ እየጠቀሰ ሲያስተምረን እጃቸውን አወጡ። ሊናገሩ ያሰቡትን ሁላችንም አወቅን። ተናገሩ። ቀበሌ እስር ቤት አሳደሯቸው። ሲፈቱ ልክ ገብተው ይሆናል ብለን "እንዴት ነው ሙሴ?" ብንላቸው፣ "ያሰሩኝ የመጽሐፍ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ገልጬ አየሁት። ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ" አሉን።

ከመጽሐፍ ሁሉ ግን አንድ መጽሐፍ ነበራቸው። የድሬ ግሪክ ነጋዴዎች ሱቃቸው ተወርሶ አንድ በአንድ ከከተማው ሲወጡ፣ ጎረቤታቸው የነበረ አንድ ግሪክ ባለሱቅ ለወጣቶች የተጻፈ ተከታታይ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ትቶላቸው ሄደ። ስለ ጥንቱ የግሪክ አማልክት ነው። ኢሪኒ የምትባል ጀልባ ቀዛፊ ልጅ አለች። የነፋሳት ጌታ የዓለሙን ነፋስ ሁሉ አንድ ስልቻ ውስጥ ያስርና "ሳትፈቺ ባሕሩን አሻግሪልኝ" ብሎ ያሸክማታል። የአማልክቱ አለቃ ዜዩስ ከሰማይ፣ የባሕሩ አምላክ ከሥር ያሳድዷታል፤ እሷ ትሄዳለች።

ይህን ታሪክ ሙሴ ጉግሳ ለዓመታት ከሰዓት በኋላ፣ ጫት በሚቃምበት በበርጫ ሰዓት፣ በልብስ ሰፊው በአብዱላሂ በረንዳ ላይ ተረኩልን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቅጠል በማይነቃነቅበት ከተማ፣ ነፋስ የሞላበት ስልቻ ወሬው ብቻውን ያበርዳል። አብዱላሂ ላቡን እየጠረገ ይለምን ነበር።

"አቦ ትንሽ ትፍታው። ትንሽ ብቻ።"

"መጽሐፉ ላይ አልፈታችውም" ይላሉ ሙሴ፤ አንዲት ሽውታ አይጨምሩለትም። ኢሪኒ ማዶ ስትደርስ፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ ስልቻውን ፊቷ ስታደርግ፣ አማልክቱ ከኋላዋ ሲቆሙ፣ "ቀሪው ሌላ ቀን" ብለው ይነሳሉ። በማግስቱ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። እኛም የተረት ጥበብ እንዲህ ነው እያልን እናደንቅ ነበር።

አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲሰናዳ፣ የቴሌቪዥን ሰዎች የየከተማውን ወጣቶች ድራማ ሊቀርጹ ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተነገረ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በዛብህ ስብሰባ ጠርቶ "እኛ ምን አለን?" ቢል፣ አዳራሹ በአንድ አፍ "ኢሪኒ!" አለ። ሊቀመንበሩ ታሪኩን አስተርኮ ሰማ፤ አሰበበት።

"ዜዩስ ባላባት ነው" አለ በመጨረሻ። "የቀሩት መሳፍንት ናቸው። ልጅቷ ጭቁን ናት፤ ነፋሱ አብዮት ነው። ይሆናል። ጓድ ሙሴ፣ አንተ ጻፈው። ሃያ ደቂቃ።"

እውነቱን ልናገርና ደስ አለን። የሰው ፊልም ሁሉ ከመጽሐፉ ጎደለ ሲሉ የኖሩት ሰው፣ ያን ሁሉ ቅጽ በሃያ ደቂቃ ሲያጎድሉ ልናይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ደሴቶቹ ሁሉ ሰመጡ። በሁለተኛው ባለ ሦስት ራሱ ውሻ አንድ ራስ ቀረው፤ ቀጥሎ ውሻውም ቀረ። አንድ ቀን ደጃቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው።

"ምነው ሙሴ፣ ማን ሞተ?"

"የኢሪኒ አያት። ሁለተኛው ቅጽ ላይ ሙሉ ምዕራፍ ነበራት። ዛሬ ሰረዝኳት።"

"ነፍስ ይማር" አልኩ ለቀልድ። "አመሰግናለሁ" አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም፤ እኔም መሳቁን ትቼ አጠገባቸው ትንሽ ተቀመጥኩ።

ቀጣዩ ችግር ባሕር ነበር። ድሬ ያላት የደቻቱ ወንዝ ነው፤ ደቻቱ ደግሞ ጎርፍ ካልመጣበት በቀር አሸዋ ነው። መላውን ያመጣችው ዓናብ ናት። ኢሪኒን የምትጫወተው ልጅ ሆዳን ናት፤ ዓናብ እናቷ ስትሆን፣ መጋላ ገበያ ውስጥ በየት በኩል እንደገባ የማይጠየቅ የጅቡቲ ጨርቅ ትነግዳለች። ስስ ሰማያዊ ጨርቅ በጣቃው አመጣችና አሸዋው ላይ ዘረጋችው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ሲያርገበግበው ማዕበል ሆነ። እኔ የባሕሩ ግራ ጫፍ ነበርኩ፤ በድራማው ከዚህ የበለጠ ድርሻ አልተሰጠኝም።

"ወላሂ፣ ለልጄ ብዬ ነው" አለችን ዓናብ። "ያለኝ ሁሉ እዚህ ጨርቅ ላይ ነው። ፊናንስ ከወሰደው ሱቄን ዘግቼ ቁጭ ማለቴ ነው። ነቅታችሁ ጠብቁ፣ ሀዬ?"

ስለዚህ ባሕራችን ኮንትሮባንድ ነበር። ልምምድ መሀል የጉምሩክ ዘብ ያየ ልጅ አፏጭቶ "ፊናንስ!" ሲል ውቅያኖሱ በቅጽበት ይደርቃል፤ ሆዳን ጠቅልላ ቀሚሷ ሥር ትከተዋለች። ዘቦቹ ሲያልፉ ባሕሩ ይመለሳል።

ካሜራው ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጓድ በዛብህ ልምምዱን ሊያይ መጣ። ኢሪኒ ማዶ ደረሰች፤ ስልቻውን ፊቷ አድርጋ ተቀመጠች። ድራማው እዚያ ላይ ቆመ።

"ቀጥሎ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ቀሪው ሌላ ቀን" አሉ ሙሴ ጉግሳ።

"ምን ሌላ ቀን አለ? ቅዳሜ ሊቀርጹን ነው።"

ሙሴ መነጽራቸውን አወለቁ። "አራተኛውና የመጨረሻው ቅጽ የለኝም" አሉ ቀስ ብለው። "ግሪኩ ሦስቱን ትቶልኝ ሲሄድ አራተኛውን ከአቴና እልክልሃለሁ ብሎኝ ነበር። ጅቡቲ ባቡሩ በቆመ ቁጥር የመጽሐፍ ሱቅ እጠይቃለሁ። እስካሁን አላገኘሁም። መጨረሻውን አላነበብኩትም።"

ድሬ የማትስቅበት ነገር ጥቂት ነው፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። በመሳቅ ፈንታ ሁሉም መጨረሻ ያዋጣ ጀመር። አብዱላሂ "ትፍታው፤ አገሩ ይንፈስ" አለ። የሴቶች ማኅበሯ አስካለማርያም "አደራ ነው፤ ለባለቤቱ ትመልስ" አለች። ጓድ በዛብህ "ስትፈታው ከኋላዋ መዶሻ የያዘ ሠራተኛ ይወጣል" አለ።

"አንብባችሁታል?" አሉ ሙሴ። ማን ያነባል። "እኔም አላነበብኩትም። ያላነበብኩትን አልጽፍም።"

"እንግዲያው ቅዳሜ የሚቀረጸው የእኔ ነው" አለ ሊቀመንበሩ። "መዶሻው ይዘጋጅ።"

ሙሴ ጉግሳ የዚያን ዕለት ወደ ቤት ሲሄዱ የለቅሶ ቤት አካሄድ ነበር የሚሄዱት። ለዓመታት የጠበቁት መጨረሻ በመላ አገሪቱ ፊት መዶሻ ሊሆን ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ካሜራው ተተከለ። ስልቻውን አብዱላሂ በገዛ ትንፋሹ ነፍቶ አሠረው። ሠራተኛው መደብ፣ ማለትም መዶሻ የያዙ ስድስት ጎረምሶች፣ ከወንዙ ዳርቻ ግንብ ኋላ ተሸሽገው የሊቀመንበሩ እጅ ተነስቶ ሲወርድ ለመውጣት ይጠብቃሉ። ዜዩስ ነጎደ፤ እኔ ተናወጥኩ። ሆዳን ባሕሩን አቋርጣ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ጓድ በዛብህ እጁን አነሳ።

ልክ ያኔ ከድልድዩ በኩል የፊናንስ ላንድሮቨር ወርዶ ቆመ። ኋላ እንደሰማነው ካሜራ ሊያዩ ነበር የመጡት፤ ያኔ ግን ማን ያውቃል። እኔ የባሕሩን ጫፍ እንደያዝኩ ደረቅሁ። ዓናብ የሻሿን ጫፍ ነከሰች።

የመጋላ ልጅ ምልክት አትጠብቅም። ሆዳን የስልቻውን አፍ ፈታችው። የአብዱላሂ ትንፋሽ ፉስስ ብሎ ወጣ፤ ተመልካቹ ሁሉ፣ ፊናንስ መምጣቱን ያየውም ጭምር፣ "እህ!" አለ። እሷ ግን ባሕሩን እጅ በእጅ እየሳበች ስልቻው ውስጥ ትከት ጀመር። ከእጄ ላይ ሰማያዊው ጨርቅ ሾልኮ ሄደ። ሲያልቅ አፉን አሠረች፣ ጀርባዋ ላይ ጣለችው፣ ደረቁን አሸዋ ተከትላ ወደ ላይ መሄድ ጀመረች። ዞር ብላ አላየችም። ካሜራው እስክትጠፋ ተከተላት። የሊቀመንበሩ እጅ አየር ላይ ስለቀረ መዶሻዎቹ አልወጡም።

የፊናንሱ መቶ አለቃ ወርዶ መጣ። "ያ ጨርቅ ምንድነው? ልጅቷስ ወዴት ነው ይዛው የምትሄደው?"

የአዲስ አበባው አዘጋጅ ወረቀቱን አገላብጦ ወደ ሙሴ ጉግሳ ዞረ። "እውነት ነው፣ እኔ በያዝኩት ላይ ይሄ የለም። ደራሲው እርስዎ ነዎት። የታሪኩ ክፍል ነው ወይስ ልጅቷን አስመልሰን እንደገና እንቅረጽ?"

ልጅቷ ከተመለሰች ጨርቁ ተመለሰ፤ ጨርቁ ከተመለሰ የዓናብ ሱቅ ተዘጋ። ሁላችንም ሙሴን አየናቸው። ተስፋ አልነበረኝም። ስለ መጽሐፍ አንድ ቃል ዋሽተው አያውቁም፤ ለመዋሸት ቢመቻቸው ኖሮ ቀበሌ አያድሩም ነበር።

ሙሴ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ነካ አደረጉ። "አራተኛው ቅጽ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ" አሉ። "ነፋሱን ትለቅና ባሕሩን ይዛ ትሄዳለች። አማልክቱ ባሕር አልቆባቸው ይቀራሉ።"

"አንተ አንብበኸዋል?" አለ መቶ አለቃው።

"ሁለት ጊዜ።"

መቶ አለቃው ባዶውን አሸዋ አየ፤ ልጅቷ የሄደችበትንም አየ። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ "ታዲያ አማልክቱ ዝም አሉ?" ብሎ ጠየቀ። ሙሴም ዝም እንዳላሉ ያስረዱት ጀመር፤ ባሕሩ እስኪርቅልን ድረስ።

ከዚያ በኋላ ሙሴ ብዙ ቀን ከሰው ተለዩ። ወደ በረንዳው ሲመጡም ዳር ይቀመጣሉ፤ ስለ ፊልምም አይናገሩም። ውሸቱ ከብዷቸው ነው ብለን አዘንን። ዓናብ አንድ ሸሚዝ የሚሆን ጨርቅ ሰጠቻቸው፤ ከባሕሩ የተቆረጠ ነበር። አብዱላሂ ሰፋላቸው፤ ግን አልለበሱትም።

ድራማው በቴሌቪዥን የተላለፈ ዕለት የቀበሌው አዳራሽ ሰዉን አልቻለውም። የቀበሌው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ስለነበር ባሕራችን እንደ ቀን ጉም ግራጫ ሆኖ ታየ። ኢሪኒ ስልቻዋን ተሸክማ በደረቁ አሸዋ እየራቀች፣ እየራቀች ሄዳ ጠፋች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሙሴ ጉግሳ ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ሆዳንን ትከሻዋን ነካ አደረጓት።

"የት ሄደች?"

"አክስቴ ሃሊሞ ቤት ነዋ። ሳቢያን ሰፈር።"

"አንቺን አይደለም። እሷን ነው የምልሽ።"

ሆዳን ዞራ አየቻቸው። "አቦ ሙሴ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ? አንተ አይደለህ የምታውቀው?"

"እኔ እዚያ ድረስ ነው የማውቃት" አሉ። "ከዚያ ወዲያ አብረሻት የሄድሽው አንቺ ነሽ።"

ልጅቷ መቀለዳቸው እንዳልሆነ አየች። ወንበሯን አዙራ ተቀመጠች። "በመጀመሪያ" አለች፣ "ሸክሙ ከበዳት። ባሕር ይከብዳል፣ ወላሂ። ግን አላወረደችውም፤ ውሃ የሌለው አገር እየፈለገች ነበር።"

አጠገባቸው ነበርኩ። አሁን ያርሟታል ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ መነጽራቸውን ጉልበታቸው ላይ ረስተው፣ እኛ በአብዱላሂ በረንዳ ላይ እንቀመጥ እንደነበረው ተቀምጠዋል። ሰውየውን ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያኔ ነው።

"ቶሎ በያ" አሉ ክቡር ሙሴ ጉግሳ። "አገኘችው?"