ላፕቶፔን እርጥብ ጆንያ ላይ ያስተኛሁ ዕለት

ሰዎች፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ከሐፍረት እንዳይመስላችሁ። ከንዴት ነው!

ዛሬ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ጢም ባለበት ጌም ቤት፣ ላፕቶፔ በእንፋሎት ታጠነ።

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ቀን ቀን ገበያው ዳር ሻይ እሸጣለሁ። ሲመሽ ኳስ ጌም እጫወታለሁ። ሰፈራችን ውስጥ የአበሻ ልጆች የጌም ቡድን አለ። ካፕቴኑ ዳዊት ይባላል፤ የመተማ ልጅ፣ ምላሰ ረጅም። ልግባ ስለው "የራስሽን ላፕቶፕ ይዘሽ ነይ። አንድ ግጥሚያ ሳይጠፋ ከጨረሰ ገባሽ" አለኝ።

በቃ፣ ምኞቴ እሱ ነው። ቡድኑ ውስጥ መግባት። ሌላ ምን ጠየቅኩ?

ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሁለት አቀረበልኝ። አንዱ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ከኋላም ከጎንም የአየር ቀዳዳ የበዛበት፣ የሚያስጠላ ነገር። ሌላው ቀጭን፣ ኪቦርዱ ቀይ ሰማያዊ የሚያበራ። ሙሽራ!

የቱን የመረጥኩ ይመስላችኋል?

ኧረ ፈትሼዋለሁ! ጌም አስከፍቼ እዚያው ተጫወትኩበት። አንዴም አልተንገጫገጨም። ሆዱን ብዳብሰው ቀዝቃዛ። "ተማም፣ ያ ኡኽቲ!" አለ ባለሱቁ ደረቱን እየመታ፤ 'አንደኛ ነው፣ እህቴ' ማለቱ ነው።

ያላየሁት ምን መሰላችሁ? ሙከዪፉን! ያ በውሃ የራሰ ነፋስ የሚለቀው የሱዳን ማቀዝቀዣ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ተደግኗል። እዚያ ቦታ የከሰል ምድጃ ብታስቀምጡ ይቀዘቅዛል። እኔ ራሴ ብርድ ብርድ ብሎኝ ሻርፔን ተከናንቤ ነበር እኮ!

ገዝቼው ቤት ገባሁ፤ ቤቴ ደግሞ እንደ ምድጃ የሚግል ቆርቆሮ ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ ገና ሳይጋመስ ላፕቶፑ መጮህ ጀመረ፣ ተጫዋቾቹ እየተጎተቱ መሮጥ ጀመሩ፣ ከዚያ ድርግም።

ገንዘቤን መልስልኝ ብዬ ተመለስኩ። ባለሱቁ እዚያው ሙከዪፉ ስር ከፈተው። ሠራ! "ይኸው፣ ምንም የለበትም" አይለኝም?

"ታዲያ እኔ እዚህ ልደር?" አልኩት።

ሳቀ።

የዳዊት ፈተና ደግሞ ለዛሬ ነበር። ጭንቅ ሲለኝ ምን ትዝ አለኝ? ድሮ ቁረይሻ እርሻ ላይ ሰሊጥ ስናርም የውሃ ጀሪካናችንን እርጥብ ጆንያ አልብሰን ነፋስ ላይ እንሰቅለው ነበር። በዚያ ጠራራ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ውሃ ነበር የምንጠጣው። ለጀሪካን የሠራ ለላፕቶፕ ምን ያንሰዋል?

ጆንያ ነከርኩ። ጠብ እስከማይል ጨመቅኩት፤ ውሃና ኤሌክትሪክ አይስማሙም፣ ሞኝ አይደለሁማ! ጌም ቤት ይዤው ሄጄ ከላፕቶፑ ስር አነጠፍኩለት።

ለካ ጉደኛው የሚተነፍሰው በሆዱ ኖሯል! ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩታ።

ግጥሚያውን እየመራሁ ነበር፣ እናቴ ትሙት! ከስሩ እንፋሎት ብቅ አለ። የሰሊጥ ጆንያ ሽታ ቤቱን ሞላው። ድርግም!

"ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ሻይሽ ፈላ!" አለ እዚሁ ሱዳን ያደገ አንዱ የአበሻ ልጅ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳዊትማ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ብድግ አልኩ። "እስቲ አንዳችሁ ላፕቶፕ ስጡኝ!" ብዬ ጮህኩ። ከቡድኑ አንዱ የራሱን ገፋ አደረገልኝ። ወፍራም፣ መልከ ጥፉ። ከራሱ ከዳዊት ጋር ገጠምኩ።

አሸነፍኩት። ያውም በሰፊ ጎል! ሳቁ ወዴት እንደገባ እንጃ።

"ገባሁ?" አልኩት።

"አይቆጠርም። የራስሽ ላፕቶፕ አይደለም" አለኝ። ዓይኑን እንኳ ሳያሽ!

ስሙኝ እንግዲህ። እኔ ላፕቶፕ በመልኩ መረጥኩ፤ እሺ፣ ጅል ነኝ፣ ተቀብያለሁ። እናንተ ስትገዙ መጀመሪያ ሙከዪፉን አስጠፉ፣ ቀጥሎ ሆዱን ገልብጣችሁ ቀዳዳውን እዩ። ግን ያሸነፈችውን ልጅ በር ላይ አቁሞ ላፕቶፗን የሚመርጥ ካፕቴንስ ምን ይባላል?

እስቲ ፍረዱ፣ ከሁለታችን የባሰው ማነው? "አንቺ ነሽ" የምትሉ፣ ለዛሬ እንኳ ዝም በሉልኝ!