ቅቤ የተቀባች ፀሐይ

ይህን የነገረችኝ ሌላ ማንም አይደለም፤ ራሷ ጥፋተኛዋ፣ የግቢያችን ዘነበች ናት። «ለማንም እንዳትናገሪ» ብላኛለች፤ እኔም ቃሌን ጠብቄ ለማንም አልተናገርኩም፣ ጻፍኩት እንጂ።

ፀሐይ የሁሉም ናት የሚል ሰው ወሰን ሰፈር ተከራይቶ አያውቅም። ከጎናችን ያ ባለ አራት ፎቅ ከተገተረ ወዲህ ለሰባት አባወራ የተረፈችን፣ ጠዋት ጠዋት የውሃ በርሜሉ ጥግ የምታርፍ ቁና የማትሞላ ፀሐይ ናት። እሷንም ሁለት ሰዎች ይሻሟታል። አንዷ ዘነበች ናት፤ ልጇ የወለደችውን ጨቅላ ለጋ ቅቤ ቀብታ ታሞቀዋለች። ሌላው ጋሽ ደረጀ ናቸው፤ ከጋራዥ ጡረታ ወጥተው የመኪና ሆድ ማየት ቢቀርባቸው የፀሐይን ሆድ ማየት ጀመሩ። ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ቴሌስኮፕ አላቸው፤ በሱ ፎቶ ያነሷታል። እኔ ለመታወቂያ አንዴ ተነስቼ እስካሁን ያቺው ነኝ፤ ፀሐይ ግን በየቀኑ!

ስምምነታቸው እስከ ሦስት ሰዓት ጥጉ የሕፃኑ፣ ከዚያ ወዲያ የጋሽ ደረጀ ነው። አንድ ማክሰኞ ግን ገና በሁለት ሰዓት፣ ፍሬኑ እንደተበጠሰ መኪና ቴሌስኮፑን ይዘው ተንደርድረው መጡ። የሥነ ፈለክ ማኅበራቸው ሰው ከአያት ሰፈር ደውሎ፣ ከፀሐይ ጠርዝ ትልቅ ነበልባል ተነስቷል ብሏቸዋል። «ዘነበች፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ፣ ዛሬን ልቀቂልኝ!» አሏት። «ምን ያጣድፍዎታል ጋሼ፣ ነገም ትወጣ የለ?» ብትላቸው፣ «እሷማ ትወጣለች፤ ነበልባሉ ነው የማይጠብቀኝ!» አሉ። እውነት አላቸው። ማኅበሩ በየዓመቱ እንጦጦ ላይ ባለው የኮከብ መመልከቻ ምርጥ ፎቶ ይሰቅላል፤ የሳቸው አንድም ቀን ተሰቅሎ አያውቅም።

ዘነበች «እኔም ካየሁ» ብላ ተስማማች። አየችና፣ «ውይ! ቁንጮ አላት!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ጋሽ ደረጀ ከኋላ ካሜራውን ሲገጥሙ፣ ከፊት ያለው መስታወት አንጀቷን በላት። ይህን ሁሉ ፀሐይ ሲጠጣ እየዋለ ቢሰነጠቅስ? ለጨቅላ የሚበጅ ነገር ለመስታወት ምን ይከፋዋል? በጣቷ ቀስ አድርጋ ቅቤ ቀባችው።

ጋሽ ደረጀ ፎቶውን አዩት። በፀሐይ ዙሪያ ለስላሳ፣ የሚያበራ ጭጋግ! ፀሐይ ይህን አክሊሏን የምታሳየው ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን ብቻ ነው አሉን። «ያለ ግርዶሽ! ከወሰን! ከበርሜል ጥግ!» እያሉ ግቢውን ሲዞሩት እኛም ምን ቸገረን፣ አጨበጨብን። መስታወቱንም ማንም እንዳይነካው በነጠላ ሸፈኑት።

ቅዳሜ ከማኅበሩ ሦስት ሊቃውንት ሊመረምሩ መጡ። ነጠላው ተገለጠ፤ አንዱ ጎንበስ፣ ሌላው ብዕሩን መዘዝ ሲያደርግ የኔ ድመት ከበርሜሉ ላይ ዱብ አለችና መስታወቱን ትልስ ጀመር፤ ያውም ዓይኗን ጨፍና። ትልቁ ሊቅ መስታወቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተና፣ «ለጋ ነው» አለ።

ዘነበች ቀና ብላ ሕፃኑን አየችው። ሁሉም ሕፃኑን አየው። ጥፋቱም በዚያው በሱ ተላከከ።

ፎቶው እንጦጦ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «መስታወትዎን ይጥረጉ» የሚል ተጽፎበታል። ጋሽ ደረጀ ከማንሳታቸው በፊት መስታወቱን ያሸታሉ። ሕፃኑ ጥርስ አብቅሏል። ዘነበች መስታወት መቀባቱን እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ ብላ ትምላለች። ድመቴ ወፍራለች።