የድንኳን ሜዳና የወንድይራድ እጅ

የጋራ መቆሚያን አሳልፎ የሰጠ ሰው በመጨረሻ የራሱን ደጅ ያጣል። የከተማችን ምክር ቤት አባል በነበረው በወንድይራድ ላይ የደረሰው ይህን ያስረዳል።

በከተማችን መካከል የድንኳን ሜዳ የሚባል ገላጣ ስፍራ ነበረ። በሠፈሩ ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛውም ለቅሶ የሚቀመጠው በዚያ ነበር። አንድ ባለሀብት በሜዳው ላይ የገበያ አዳራሽ ሊሠራ ፈለገና ቦታው ወደ ንግድ አገልግሎት እንዲዞርለት ምክር ቤቱን ጠየቀ። ለዕድሩም ምትክ ቦታ ታሰበለት፤ ከወንዙ ማዶ፣ ጅብ ከሚያድርበት ገደል አጠገብ።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ጧት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደርበው ወንድይራድን ከምክር ቤቱ በር ላይ ያዙት።

«የሚደግፈውና የሚቃወመው እኩል ለእኩል ነው አሉ። እጅህ ከእኛ ጋር ናት?»

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ! የአባቴ ድንኳን የተተከለው የት ሆነና? አባቴ ይሙት፣ እቃወማለሁ።»

«አባትህማ ሞተዋል። በሕይወት ባለ ሰው ማል።»

«እሺ፣ እናቴ ትሙት!»

ጋሽ ደርበው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ለቀቁት።

በምሳ ሰዓት ባለሀብቱ አባላቱን ቁርጥ ጋበዘ። ወንድይራድ «ሥጋውን እበላለታለሁ እንጂ ድምፄን አልሰጠውም» ሲል በልቡ አሰበ። ሆዳም ሁሉ የሚያስበው እንዲህ ነው። በላ፤ በጠጅም አወራረደ። ጉባኤው ከቀትር በኋላ ሲቀጥል አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ፤ ሕልምም አየ።

በሕልሙ ራሱን በዚያው አዳራሽ ውስጥ አገኘው። ወንበሮቹ በሰዎቹ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጣሪያው ከእግር በታች ስለ ነበረ ሁሉም አምፖል እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ ይራመድ ነበር። በአፈ ጉባኤው ስፍራ የድንኳን ሜዳ ራሱ ተሰይሟል፤ ሣሩን አበጥሯል፤ የካስማ ጠባሳው በግንባሩ ላይ ይታያል። በአባላቱ ቦታ ፍየሎችና አህዮች ነበሩ።

«የዛሬው አጀንዳ የአቶ ወንድይራድ ገላ ነው» አለ ሜዳው። «እስከ ዛሬ ለመኖሪያ አገልግሏል። አሁን ግን ወደ ንግድ ይዙር የሚል ጥያቄ ቀርቧል።»

አንዲት ፍየል ገመድ ይዛ ቀረበችና ሆዱን ለካች።

«ሰፊ ነው፤ ለጥ ያለ ነው። መኪና ማቆሚያ ይወጣዋል።»

«ጀርባው ደግሞ መጋዘን ይሁን» አለ አንድ አህያ።

«መጋዘን!» ሲል ወንድይራድ ጮኸ። «ጀርባዬን?»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መጋዘን ሆኜ ኖሬ የለም እንዴ? ማን ጠየቀኝ?» አለ አህያው።

ወንድይራድ ሊነሣ ሞከረ፤ በላዩ የተቀመጠው ወንበር ግን ከባድ ነበር።

«ጌቶቼ፣ ሰው እኮ ይኖርብኛል!»

«ማን ይኖርብሃል?» አለ ሜዳው።

ጥቂት አሰበ። «ኅሊናዬ።»

ፍየሏ ደረቱን በቀንዷ አንኳኳች። «ቤቶች!» አለች። ጆሮዋን አስጠግታ ቆየች። «ኧረ ቤቶች!» የመለሰላት የለም።

«ነዋሪው ለቋል» ስትል ለጉባኤው አስታወቀች።

«እንግዲያስ የሚጎዳ የለም» አለ ሜዳው በለዘበ ቃል። «ለእርሱም ምትክ ገላ ይሰጠዋል፤ ከወንዙ ማዶ። ውኃና መብራት አልገባለትም እንጂ ገላስ ገላ ነው።»

አህያው ችካል በጥርሱ ነክሶ መጣ፤ ጫፉን በወንድይራድ እምብርት ላይ አቆመ። ሌላው አህያ መዶሻውን አነሣ።

«የሚቃወም አለ?» ሲል ሜዳው ጠየቀ።

ወንድይራድ ባለ በሌለ ኃይሉ ቀኝ እጁን አወጣ።

ነቃ። እጁ ወደ ላይ ተሰቅሎ ነበር። የሚደግፉትን ይቈጥር የነበረው አፈ ጉባኤም ጣቱን ወደ እርሱ ዘርግቶ ቆሟል።

«አቶ ወንድይራድ፣ ይደግፋሉ ማለት ነው?»

ሁሉም ዞሮ አየው። ጋሽ ደርበው ከኋላ ወንበር፣ በትራቸውን ተደግፈው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሜዳውን ለማዳን «ተኝቼ ነበር» ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቁርጡ ገና ከጥርሱ ሳይወጣ፣ ይህን መናገር አሳፈረው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዎን» አለ። «በሚገባ አስቤበታለሁ።»

ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎረቤት ሞተ። ዕድሩ ተሰብስቦ ፈረደ፤ ጋሽ ደርበውም ድንኳኑን አሸክመው ከወንድይራድ በር ደረሱ።

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ይኖርበታል!» አለ ወንድይራድ በሩን ይዞ።

«እናውቃለን። ለአንተ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ምትክ አለልህ።»

ይህን ጊዜ እናቱ ከውስጥ ወጡ። የልጃቸውን እጅ ከበሩ ላይ አነሡና ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ግቡ፣ ልጆቼ። በእኔ ሞት የማለውን፣ እኔው በቁሜ ልፈጽምለት።»

የዕድሩ ፍርድ ይህ ነበር፦ በሠፈሩ የሚሞት ሰው ሁሉ ድንኳኑ በወንድይራድ ግቢ ይተከላል፤ ለድንኳኑ እንዲበቃ አጥሩ ይፈርሳል፤ ሐዘንተኛ እስካለ ድረስ ባለቤቱ በደጅ ቆሞ እንግዳ ያስገባል፤ መተኛትም ክልክል ነው። አጥሩ በዚያው ዕለት ፈረሰ። ወንድይራድ ይግባኝ አላለም። ፍርዱም እስከ ዛሬ ይፈጸምበታል።