ኦሳካን ያዩት ጋሽ ልደቱ

አንድ አገር አንድ ጊዜ ረግጦ፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን ያንኑ አገር ሲያወራ የሚኖር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ ከተባለ ገና ሰው አልሰፈረበትም ማለት ነው። አንዱ ሞስኮ ተምሮ ይመጣና ሻይ ሲያማስል እንኳ "እኛ ሞስኮ እያለን" ይላል። ለእኛ ለኦስሎ አበሾች የደረሱን ደግሞ ክቡር አስጎብኚያችን ጋሽ ልደቱ ናቸው።

ጋሽ ልደቱ በወጣትነታቸው የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። መርከባቸው ጃፓን፣ ኦሳካ ወደብ ላይ ተበላሽታ እስክትጠገን ድረስ ከተማዋን ዞረው አዩ። በቃ፣ ዓለም ለሁለት ተከፈለች፤ ኦሳካና ሌላው። አሁን ኦስሎ ዳር ቬስትሊ እየኖሩ ቢሮ ያጸዳሉ። ቅዳሜ ሲሆን ግን አዲስ የመጣ አበሻ ሁሉ የእሳቸው ነው፤ ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቤት ሳይሰጠው እሳቸው ከተማውን ሰጥተውታል።

ቤተ መንግሥቱ ፊት ያቆሙንና "ይቺ ምን አላት? የኦሳካን ግንብ ብታዩ!" ይላሉ። ከማዮርስቱን ጣቢያ ወርደን መናፈሻው ውስጥ እነዚያ ራቁት ሐውልቶች ዘንድ ስንደርስ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። "ኦሳካ ቢሆን አልብሰዋቸው ነበር" ብለው ጋሽ ልደቱ ያጽናኗቸዋል። ሲኒማ አብሯቸው የገባማ አለቀለት፤ ፊልሙን ከፊልሙ ቀድመው ይነግሩታል። "ይኼ አሁን ይሞታል። ሚስትየዋ ታውቃለች፣ እያስመሰለች ነው።" ኖርዌጆቹ ጨዋ ናቸውና አይቆጡም፤ ዝም ብለው ወንበር ይቀይራሉ። አንድ ቀን መብራት ሲበራ ጋሽ ልደቱ ዙሪያቸው ባዶ ሆኖ ቢያገኙት "ቦታ ለቀቁልን፤ ሥልጡን ሕዝብ እኮ ነው" አሉ።

ማዕዶት ከሁላችንም አብልጣ ትሸሻቸው ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ ውላ ስትመለስ ባቡር ላይ ካየቻቸው ወደሚቀጥለው ፉርጎ ትገባለች። በፈረንጆቹ 1996 መጸው ላይ ግን ራሷ ደወለችላቸው።

እናቷ ወይዘሮ ፋንታዬ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ነበር ወደ እሷ የመጡት። ከመጡ ጀምሮ ሊንደበርግ ካለው ቤቷ ደጃፍ አላለፉም። ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው መስኮት ሥር ይውላሉ። "እዚህ አገር የሚያየኝ ሰው የለም። አባትሽ አጠገብ ብሆን ይሻለኛል" አሉና ለረቡዕ የመመለሻ ትኬት አስቆረጡ። ማዕዶት ከእሳቸው ሌላ ማንም የላትም። ቅሪልኝ ማለት ፈለገች፤ አፏ እንቢ አለ።

"ጋሽ ልደቱ፣ እማዬ ረቡዕ ልትሄድብኝ ነው። እስቲ አንድ ነገር ያሳዩልኝ።"

"ልጄ፣ እግዜር ይወድሻል! ቅዳሜ የአሻንጉሊት ቲያትር ይመጣል። ከየት በይኝ? ከኦሳካ!"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ልደቱ ከረባት አስረው፣ ዳኛ መስለው መጡ። እኔም አብሬ ሄጄ ነበር፤ መሀል ላይ ተቀመጥን፤ መጋረጃው ተከፈተ። አንዷን አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች ይዘዋታል፤ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰዋል።

"እነዚህ ሁሉ ማን ሞቶባቸው ነው?" አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ።

"ኧረ እትዬ፣ እነሱ አይታዩም! ማንቀሳቀስ ነው ሥራቸው። እዚህ ጥቁር የለበሰ ሰው እንደሌለ ነው የሚቆጠር።"

ወይዘሮ ፋንታዬ ቀሚሳቸውን አዩ። "እንደ እኔ በሉኛ" አሉ ቀስ ብለው።

ማዕዶት እንባዋ መጣ። ጋሽ ልደቱም ነገሩን ለማስረሳት ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይተርኩ ጀመር። "ይኸውልዎ፣ ልጅቷ የምትወደው ልጅ አለ፤ ሽማግሌው አባቷ..."

ከመድረኩ ሥር አንዲት አስተናጋጅ ተነሥታ እጇን እያወዛወዘች "ነይ! ነይ!" አለች። ነይ በኖርዌጅኛ አይሆንም ማለት ነው፤ ዝም በሉ ማለቷ ነበር። ወይዘሮ ፋንታዬ ግን ብድግ አሉ።

"መጣሁ! ምን ያለችው ናት፣ እናቷን የማክል ሰው 'ይምጡ' አይባልም?"

ሰዉ ጉልበቱን እየሰበሰበ አሳለፋቸው። አስተናጋጇ ደነገጠችና "ነይ፣ ነይ፣ ነይ!" ስትል፣ እሳቸውም "መጣሁ አልኩሽ እኮ!" እያሉ ከመድረኩ ሥር ደረሱ። ማዕዶት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጋሽ ልደቱ ግን ሮጠው ደርሰው በዚያች በተሰባበረች ኖርዌጅኛቸው ለልጅቷ አንድ ነገር ነገሯት። ልጅቷ ወይዘሮ ፋንታዬን አየቻቸው፤ ፈገግ አለች፤ ከፊት ያሉትን ባዶ ወንበሮች አሳየቻቸው።

"እንግዳ ከፊት ነው የሚቀመጥ ብላ ነው የጠራችዎት" አሉ ጋሽ ልደቱ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

ወይዘሮ ፋንታዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። "አየሽ ማዕዶት? አይታ ጠራችኝ" አሉ። ማዕዶት የነይን ትርጉም እስከ ዛሬ አልነገረቻቸውም።

ከቲያትሩ ወጥተን ባቡር ጣቢያው ስንደርስ ጭቅጭቅ ተነሣ።

"ሽማግሌው አባቷ አይደለም፣ ባሏ ነው" አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ። "አባት እንደዚያ አያለቅስም። ለመሆኑ አንተ ጃፓንኛ ታውቃለህ?" ከመቼው አንተ እንዳሏቸው እሳቸውም አላወቁ።

"አንዲት ቃል አላውቅም፣ እትዬ። ኦሳካ ይኼን ቲያትር ብቻዬን ገብቼ ነው ያየሁት። ሰዉ ሲስቅ፣ ሲያለቅስ፣ ምን እንደሆነ አጠገቤ ሆኖ የሚነግረኝ አጣሁ። እንደዚያን ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ሰው አጠገቤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አልችልም።"

"ስለዚህ ትዋሻለህ?"

"ዝምታው ይሻል ነበር?"

"አይ፣ አይሻልም" አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ።

የቬስትሊው ባቡር መጥቶ ሄደ፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። ማዕዶት እናቷ ሲከራከሩ ካየች ስንት ጊዜዋ! እኚያን ለፍላፊ ሰውዬ አንገታቸውን አቅፋ ልትስማቸው ፈለገች። እኔም ብሆን፣ እንዲህ የማሾፍባቸው ከልቤ ስለምወዳቸው ነው።

ሁለተኛው ባቡር ሲመጣ ጋሽ ልደቱ እጅ ነሥተው ገቡ።

"ይሄ ሰው ብቻውን ነው የሚኖረው?" አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ።

"ብቻቸውን ናቸው።"

"የዛሬ ሳምንት ምሳ እኛ ጋ ይምጣ በይው። የዚያችን የቲያትሯን ልጅ ነገር አልጨረስንም።"

ማዕዶት እናቷን አየቻቸው። የዛሬ ሳምንት ከረቡዕ በኋላ ነው።

"ምን ታዪኛለሽ? በሩ ሊዘጋ ነው፣ ሩጪ!"

ማዕዶት በዚያ ዝምተኛ ሕዝብ መሀል "ጋሽ ልደቱ! ጋሽ ልደቱ!" እያለች ሮጠች።