የሊቀ ሽርሽሩ አባሪ አምስት

የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! በየቤተሰቡ አንድ ሰው ተነሥቶ የቅዳሜና እሁድን ዕረፍት ከሰፊው ሕዝብ እጅ ነጥቋል፤ በፕሮግራምም እየገዛ ነው። የእኛ ቤት ገዢ የእህቴ ባል ነው። ቁመቱ ከመዝገብ መደርደሪያ ሦስተኛ እርከን አያልፍም፤ ማዕረጉ ግን ረጅም ነው፦ ክቡር ሊቀ ሽርሽር፣ የሰዓት ጠባቂ፣ የጉብኝት ሁሉ የበላይ አዛዥ።

እንጀራው መዝገብ ቤት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጉዳይ ሲያስር ስለኖረ፣ አቃፊ ውስጥ ያልገባ ነገር መኖሩን ይጠራጠራል። ሌላው ሰው «ቅዳሜ ከተማውን እንዞራለን፣ እሁድ ሐይቁ ጋ ደርሰን እንመለሳለን» ይልና ይተኛል። እሱ ደብዳቤ ይጽፋል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ «ጉዳዩ፦ የከተማ ጉብኝትንና የሐይቅ ዳር ጉዞን ይመለከታል» ይላል፣ አራት አባሪ አለው። ከግርጌው ደግሞ «ግልባጭ፦ ለባለቤቴ ወንድም፣ ለመረጃ ያህል» የሚል አለ። ያ ለመረጃ ያህል የሆነው ፍጡር እኔ ነኝ።

ግፉ ተቆጥሮ አያልቅም። አምና ሙዚየሙ ለእድሳት ተዘግቶ ብናገኘው፣ የተመደበልንን አርባ አምስት ደቂቃ በሩ ላይ ቆመን ጨረስን። «በፕሮግራሙ መሠረት!» አለ፣ ዘበኛው ወንበር ሊያመጣልን እስኪነሣ ድረስ። ካቻምና «ፎቶ፣ ከ5፡10 እስከ 5፡14» ብሎ ጻፈ። እህቴ ፀጉሯን ስታስተካክል አራቷ ደቂቃ አለቀች፤ ጀርባዋን ብቻ ያነሣበት ፎቶ ዛሬም ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል።

የዘንድሮው ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ከእነሱ ጋር የምትኖረው እናቴ ሐይቁን ማየት ትፈልግ ነበር። አባቴ ሊወስዳት ቃል እንደገባ ነው የሞተው። ስሙን ስናነሣ ድምፅዋ ይለወጣል። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከግቢው በር አልወጣችም። «ለምን?» ስንላት «ምን ቀረብኝ?» ትላለች። እኔም ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩ።

ሐሙስ ሊቀ ሽርሽሩ ሰብስቦ ሲያነብልን እንደ ልማዷ ጀመረች።

«እናንተ ሂዱ ልጆቼ። እኔ ቤት እጠብቃለሁ።»

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት። «እማማ፣ ይህ ተቃውሞ በጽሑፍ ነው የቀረበው?»

«ኧረ ወዲያ! ደግሞ ብዕር ልያዝልህ?»

«እንግዲያው መዝገብ ቤት አልደረሰም» ብሎ ገጹን ገለጠ።

እናቴ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ የመውጫ ጫማዬን ፈልጉልኝ አለች።

በደብዳቤው ላይ አንድ አስነዋሪ ነገር ነበር፤ በየሃያ ደቂቃው «ልዩ ልዩ» ይላል። ልዩ ልዩ በስብሰባ አጀንዳ ጭራ ላይ አንዴ ሲመጣ አውቃለሁ። እዚህ አሥራ አንድ ነበር!

ቅዳሜ፣ ከከተማው የሰዓት ማማ በታች፣ የመጀመሪያው ልዩ ልዩ ታወጀ። ክቡርነታቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«ጫማዬ ጠበበኝ። እማማ፣ ብቻዬን ስቀመጥ ሰው ይታዘበኛል። እባክዎ አጠገቤ አረፍ ይበሉ።»

«አንተ ደግሞ! ገና ከቤት ሳንርቅ?» አለችና ተቀመጠች።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጫማው እንደገና ጠበበው። ከዚያም እንደገና። ገበያው ጋ ስንደርስ ተዘግቷል፣ ማማው ላይም ሳንወጣ ቀረን። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ሰፊው ቤተሰብ በአንድ ጥንድ ጫማ ቀንበር ሥር የሚማቅቀው እስከ መቼ ነው?»

«አስተያየትህን በጽሑፍ አቅርብ።»

«አቀርባለሁ! አባዝቼ እበትነዋለሁ!»

እሁድ ሐይቁ ጋ ከአውቶቡስ ወረድን። ሁለተኛው ወንበር ጋ ስንደርስ፣ ሊቀ ሽርሽሩ የመመለሻ ቲኬት ሊገዛ ወደ ፌርማታው ሲመለስ አቃፊውን አስያዘኝ። ለበራሪ ጽሑፌ ማስረጃ ፍለጋ ገለጥኩት። ከአራቱ አባሪዎች ኋላ አምስተኛ ነበር፤ በእጅ የተጻፈ፣ «ለውስጥ አገልግሎት ብቻ» የሚል።

«ከፌርማታው እስከ መጀመሪያው ወንበር 180 እርምጃ። በእማማ እርምጃ 260። ጥላው እስከ 5 ሰዓት ይቆያል። ሁለተኛው ወንበር ይወላገዳል፤ ከእግሩ ሥር ጠጠር ተደርጓል። ደረጃው 14 ነው፤ ለቀኝ ጉልበታቸው አይሆንም፣ በመናፈሻው በኩል ይዞራል። ማሳሰቢያ፦ አመመዎት ወይ ተብለው እንዳይጠየቁ፤ ከጠየቅናቸው ሁለተኛ አይወጡም። የጫማ ምክንያት በቂ ነው።»

የተጻፈበት ቀን ከዚያ በፊት የነበረው እሁድ ነው። ለእህቴ «ቢሮ ሥራ አለብኝ» ብሎ የወጣበት ቀን።

የማን ጉልበት? ቀና ስል እናቴ ጠጠር በተደረገባት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ ቀኝ ጉልበቷን ቀስ እያለ ያሻል። ሁለት ዓመት በየሳምንቱ አጠገቧ እየተቀመጥኩ ስለ ጨቋኞች አውርቻለሁ። ያችን እጅ አላየኋትም።

አቃፊውን ዘጋሁት። በመናፈሻው በኩል ዞረን ውሃው ዳር ደረስን። እናቴ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር አየች።

«ይኸው ነው?» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «እኔስ ከዚህ የሚሰፋ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ የአውቶቡሱ ሰዓት እስኪደርስ አልነሣም አለች።

ስንመለስ፣ ፌርማታው ጋ ለመድረስ ሩብ መንገድ ሲቀረን፣ እግሯ መጎተት ጀመረ። ሊቀ ሽርሽሩ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት።

«ልዩ ልዩ!» አልኩ። «ጫማዬ ጠበበኝ።»

እኔን አየ፣ አቃፊውን አየ። «በፕሮግራሙ መሠረት» አለና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ይሄ የጫማ ነገር ይጋባል እንዴ?» አለች እናቴ፣ በመሃላችን እየተቀመጠች።

ትናንት አዲስ ደብዳቤ ደረሰኝ። እናቴ ያመለጣትን ገበያ ልታይ ትፈልጋለች፤ ፍላጎቷንም፣ እንዳይጣልባት ብላ፣ በጽሑፍ አቅርባለች። የእኔ ግልባጭ «ለመረጃ ያህል» አይልም፤ «ለአፈጻጸም» ይላል። የዚህኛውን ጉዞ ወንበሮች ቆጥሬ የመጣሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 4፡20 ላይ ከሰዓት ማማው በታች፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተንሰራፍተው ይህን እያነበቡ ከሆነ፣ አቃፊ የታቀፈ አጭር ሰውዬ ጫማው ጠብቦት ሲመጣ ያዩታል። ከአጠገቡ አንዲት እናት አሉ። ምንም አይጠይቋቸው። ብቻ እባክዎ፣ ጫማ የሰፋዎት መስለው ብድግ ይበሉና ወንበሩን ይልቀቁልን።