ቀምሶ የሚተፋ አሳላፊ

ሰው ከመጠጥ ጋር ያለው ጉዳይ እኔ እስከማውቀው ሁለት ነው፤ ወይ ይጠጣል፣ ወይ ይተዋል። የሚጠጣውን አውቃለሁ፤ በገበያ ቀን ከመካነ ሰላም ሲመለስ መንገዱ ይጠበዋል። የሚተወውንም አውቃለሁ፤ ወይ ሃይማኖቱ ከልክሎታል፣ ወይ ሚስቱ። ሁለቱንም አከብራለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው መጠጥ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ በክብር አስቀምጦ፣ አሽትቶ፣ አፉ ውስጥ አገላብጦ፣ በመጨረሻ ቢተፋው ምን ይባላል? እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ምናልባት ስሙን የሚያስተምሩት ከዚያ በላይ ይሆናል።

ይህን የሚያደርገው የገዛ ልጄ ነው። ደረጀ ይባላል፤ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ መጠጥ ቀጂ ነው። መጠጥ መቅዳቱ አላናደደኝም፤ ሥራ ነው። ያናደደኝ ከሥራ ሲወጣ የሚሠራው ነው። ሩም የሚባል መጠጥ ይሰበስባል። ልብ በሉ፣ ይጠጣል አላልኩም፤ ይሰበስባል ነው ያልኩት። ለሕክምና ሄጄ የተከራየውን ክፍል አይቼዋለሁ። አልጋ የለውም፤ ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ልብሱ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጠርሙሶቹ ግን መደርደሪያ ተሠርቶላቸው፣ ፀሐይ እንዳያገኛቸው መጋረጃ ተጋርዶላቸው፣ እንደ አራስ ተቀምጠዋል። አርባ ይሆናሉ። ከፊሎቹ ተከፍተው አያውቁም። ለምን አትከፍታቸውም ብዬ ብጠይቀው፣ እነዚህ የሚከፈቱ አይደሉም አለኝ። የማይታረድ ሙክት፣ የማይጠመድ በሬ፣ የማይከፈት ጠርሙስ! እኛ ዘንድ እንግዳ በመጣበት ቤት መጠጥ ከድኖ ማስቀመጥ ነውር ነው። እሱ ዘንድ ጓደኞቹ ይመጣሉ፣ የታሸገውን ጠርሙስ ያያሉ፣ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንደጠማቸው ይሄዳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከተከፈቱት ለመቅመስ ይሰበሰባሉ። ማኅበር ነው እንዳልል ጻድቅ የለው፣ ዕድር ነው እንዳልል ሬሳ የለው።

ከምን ነው የሚሠራው ብዬ ጠየቅኩት። ከሸንኮራ አገዳ ነው አለኝ። ሸንኮራማ አውቃለሁ፤ ከቆላ በአህያ ተጭኖ ገበያችን ይመጣል። ሸንኮራ ሲበላ ውሃው ይዋጣል፣ ገለባው ይተፋል። ልጄ አዲስ አበባ ሄዶ ይህችን እንኳ ገለበጣት። ቀጠለና፣ ይህ መጠጥ በእንጨት በርሜል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ይቀመጣል አለኝ። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ሁለት ቤት ሠርቼ አንዱን አፍርሻለሁ። ደግሞ በየዓመቱ ከበርሜሉ እየተነነ ይጎድላል፤ የጎደለውን የመላእክት ድርሻ ይሉታል አለኝ። ይሄኔ ተቆጣሁ። የጎደለ ነገር ሁሉ ወሳጅ አለው፤ ለምን በመልአክ ይሳበባል አልኩት። ይህችን ንግግሬን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣብኛለች።

ደብተርም አለው። የቀመሰውን ይጽፍበታል። ይህኛው የተቃጠለ ስኳር፣ ያኛው የበሰለ ሙዝ፣ ሌላው ያረጀ ቆዳ ይሸታል እያለ። ያረጀ ቆዳ ለማሽተት አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደው? የሞፈሬ ጠፍር እዚሁ ቤት ተሰቅሎ ነበር።

አሁን ወደ ብሶቴ ልምጣ።

ሞላ የሚባል ጎረቤት አለኝ። ቤታችን አጥር ለአጥር፣ ማሳችን ድንበር ለድንበር ነው። እሱ አንድ በሬ አለው፣ እኔም አንድ በሬ አለኝ። በአንድ በሬ አይታረስምና ለዓመታት ተቀናጅተን፣ ዳለቻ የሚባለውን የሱን በሬና የኔን አንድ ቀንበር ላይ ጠምደን፣ አንድ ቀን የሱን አንድ ቀን የኔን ስናርስ ኖርን። ዓምና ግን ሞላ ማሳው ዳር ቆመና ድንበሬን ገፍተሃል አለኝ። እኔ ብዙ አልናገርም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዝም አልኩት። ዝምታዬን ስድብ ብሎ ቆጠረውና ዳለቻን ፈትቶ ወሰደ። ያን ክረምት ከወንዝ ማዶ የአማቴን በሬ እየለመንኩ ዘራሁ። ዘንድሮ አማቴ በሬውን ሸጠ። ክረምቱ ደርሷል፤ ሞላ አንድ በሬ ይዞ፣ እኔም አንድ በሬ ይዤ፣ በአጥር ተለያይተን ደመና እናያለን።

ሽማግሌ ገባ። ዋናው ሼህ ሰይድ ናቸው፤ እስላምም ክርስቲያንም ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሳምንት ተመላለሱና፣ የድንበሩ ድንጋይ ሲነሳ ያየ ምስክር የለም፤ ስለዚህ ድንጋዩ ባለበት ይሁን፣ ይቅር ተባባሉ፣ በሬዎቹም ይጠመዱ ብለው ፈረዱ። እኔ ወዲያው እሺ አልኩ። ሞላ እያጉረመረመ እሺ አለ። የቀረው በእኔ ቤት አብሮ መብላትና መጠጣት ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ደረጀ ለእረፍት መጣ። አምስት ጠርሙስ በሹራብ ጠቅልሎ፣ ከወረኢሉ ወዲህ ያለውን ኮረኮንች ሁሉ ጭኑ ላይ አቅፎ አሳልፏቸዋል። ለእኔ ጃንጥላ አምጣ ብዬው ነበር። ጃንጥላው ተረሳ።

ባለቤቴ ይታይሽ ለእርቁ ጠላ ጠምቃ ጨርሳለች። ልጁ ግን፣ አባዬ፣ ለእንዲህ ያለ ቀን ጠላ አይሆንም፤ ለእርስዎ ክብር አሥራ ሁለት ዓመቱን እከፍታለሁ አለ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን አባት መቼም ሞኝ ነው፤ ልጄ ሰው መሆኑን ሞላ ይይልኝ ብዬ ተቀበልኩ።

እሑድ ረፋድ ሽማግሌዎቹና ሞላ ገቡ። ሼህ ሰይድ ስለማይጠጡ ሻይ ቀረበላቸው። ሞላ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሞላ ማለት ሰው ቤት ውሃ ሲሰጡት እንኳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ የሚያይ ሰው ነው። እንግዲህ በአገራችን አሳላፊ መጠጥ ሲያቀርብ አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ክፉ ነገር ቢኖርበት እኔን ያስቀድመኝ ማለት ነው። ደረጀ ይህን ያውቃል፤ እዚሁ ቤት ነው ያደገው። ተነሳ፤ አምስቱን ጠርሙስ ደርድሮ አሥራ ሁለት ዓመቱን ከፈተ፤ በትንሽ ብርጭቆ ለራሱ ቀዳ። እስከዚህ ድረስ ኮርቼ ነበር። ከዚያ ብርጭቆውን አሽከረከረ። አፍንጫውን ከተተበት። ዓይኑን ጨፈነ። ጎንጨት አለና አፉ ውስጥ ያንገላታው ጀመር፤ ጉንጩ ወዲህ ሲያብጥ ወዲያ ሲያብጥ ቤቱ ሁሉ ያየዋል። ከዚያ ባዶ የቲማቲም ጣሳ አነሳና ጢቅ! አድርጎ ተፋው።

ተፍቶ እንኳ ዝም ቢል! ፊቱን ጨምደድ አድርጎ፣ ጥሩ ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይመራል አለና ሌላ ብርጭቆ ሞልቶ ለሞላ ዘረጋለት።

ሞላ ብርጭቆውን አላየውም፤ ጣሳውን ነው ያየው። ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። አንተ ታደሰ፣ መሬቴን ወስደህ አልበቃህም፣ ደግሞ ነፍሴን ፈለግክ? አሳላፊህ የተፋውን እኔ ልውጥልህ? አለኝ። ደረጀ ጣልቃ ገባና፣ ኧረ ጋሽ ሞላ፣ አቀማመሱ እንዲህ ነው፤ የምተፋው እንዳልሰክር ነው አለው። ሞላም፣ ላትሰክርበት ምን ልትሠራበት አመጣኸው? አለው። ከዓምና ወዲህ ከሞላ ጋር የተስማማሁት ያኔ ነው።

ሼህ ሰይድ ያበርዱታል ብዬ ዞር ብል፣ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ እኔ እንኳ የተውኩት ሳልቀምሰው ነው፤ ቀምሶ የተፋ ሰው ግን አንድ ነገር አይቶበታል፣ አላህ ይጠብቀን አሉ። ይኼ ነው አስታራቂ!

የሞላ አንድ እግሩ ደጅ ወጥቷል። እሱ ከወጣ ዳለቻም ወጣ፤ ዳለቻ ከወጣ የዓመቱ እህሌ ወጣ። ልጄ ጣሳውን ይዞ ቆሟል። ያን ጣሳ ምን ላይ ልደፋው እንደተመኘሁ አልነግራችሁም።

በመጨረሻ ሼህ ሰይድ፣ አብሽሩ፣ የቤቱ ባለቤት ይጠጣውና ደህና ከሆነ ሞላ ይቀመጣል ብለው ፈረዱ። ሞላ ከበሩ ሆኖ፣ ከአምስቱም ይጠጣ፤ የትኛው ውስጥ እንዳለ በምን አውቃለሁ? አለ። ሙሉ ብርጭቆ፣ ሳይተፋ፣ አፉን ከፍቶ እያሳየን ብሎም ጨመረበት።

እኔ ሰው ፊት ከአንድ ዋንጫ ጠላ አልፌ አላውቅም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚለውን ተረት በቁም ነገር የያዝኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልጄን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አድርጌ፣ ብቅል አለው? ብዬ ጠየቅኩት። ኧረ የለውም አባዬ፣ ንጹሕ ሸንኮራ ነው አለኝ። ብቅል ከሌለው ምን ያወጣል ብዬ ጀመርኩ።

አንደኛው ስኳር ስኳር አለኝ። ሁለተኛው ጉሮሮዬን ላጠው። ሦስተኛው ላይ ደረጀ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ አባዬ፣ ቶሎ አይዋጡት፣ መጀመሪያ ያሽትቱት፤ ቆዳው መጣልዎት? ይለኛል። ሰው መርዝ አለመሆኑን ሊያስመሰክር ሲጠጣ ቆዳ ያሸታል? አራተኛው ላይ እግሬን አጣሁት። አምስተኛው ላይ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ምላሴን አገኘሁት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገረችኝ ይታይሽ ናት፤ እሷ ደግሞ ቃል አትጥልም። ለካ ጠርሙስ የሚሰበስበው ልጄ ብቻ አይደለም፤ እኔም ይህን ሁሉ ዘመን ቃል ሳጠራቅም ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ክረምቱን አመሰገንኩ። ቀጥዬ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ መረቅኩ። ከዚያ ዳለቻ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። ምን ዓይነት በሬ ነው አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ወደ ሞላ ማሳ ስገባ አንድ ቀን እንኳ አላወላወለም። ድንጋዩን ገፋ እስካደርግ ቆሞ ይጠብቀኛል። የገዛ ጌታውን ድንበር እየገፋ አፉን ያልከፈተ፣ እንደ ዳለቻ ያለ ምስጢረኛ የት ይገኛል? አልኩ አሉ።

ይታይሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሼህ ሰይድ ሻያቸውን ፉት አሉና፣ አልሐምዱሊላህ፣ መርዝ አይደለም፤ መድኃኒት ነው አሉ። ሞላ ከበሩ ተመልሶ፣ ከእኔ ጎን ቁጭ ብሎ፣ በል ልጄ ቅዳልኝ አለ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን እንኳ አላነሳውም።

እርቁ ጸና። እንዲያውም ሽማግሌዎቹ እንደዚህ የጸና እርቅ አይተን አናውቅም ይላሉ። ራሴ ለሁለት ቀን ሲዘፍን ከርሞ በሦስተኛው በሬዎቹን ጠመድን። የመጀመሪያው እርሻችን ሦስት ትልም መመለስ ነበር። ድንጋዩን እኔው እንድሸከመው ተፈረደ። ከባድ ድንጋይ ነው፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲገፋ እንደዚያ አይከብድም ነበር። ዳለቻም ያን ሁሉ ሙገሳዬን ረስቶ፣ ወዲያ እንደገባው ሁሉ ሳያወላውል ወዲህ ተመለሰ። ማታ ይታይሽ ራት እያቀረበች፣ የጎደለ ነገር ሁሉ ወሳጅ አለው ያልከው አንተ አልነበርክም? አለችኝ። ወደ ዝምታዬ ተመልሻለሁ።

ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። ትናንት ደረጀ ከአዲስ አበባ ደወለ። ጃንጥላ ገዛሁልዎት ሊል መስሎኝ አነሳሁ። ለደብተሩ ነው። አባዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ መጨረሻ ላይ ምን ምን አለዎት? ይለኛል። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ምን ልበለው? እሱ ሩሙን ይተፋል፤ እኔ ሩሙን ውጬ የበላሁትን መሬት ተፋሁ።